ውሃ ሳትደፉ ቢምቢን ማጥፋት፦ ለሰፈር ክበቦች ከድሬ

የመጀመሪያው ዘመቻችን ያለቀው በጭቅጭቅ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር። አሥራ ሁለት የክበባችን ልጆች ጓንት አጥልቀን በየግቢው እየገባን የቢምቢ ትል ያየንበትን በርሜል ሁሉ እንገለብጣለን። ሞቅ ብሎናል። አንዲት አዴ ግቢ ስንደርስ እሳቸው ገበያ ሄደዋል፤ በር የከፈተችልን የልጅ ልጃቸው ናት። ሁለት በርሜል ሙሉ ውሃ አለ። ሁለቱም ውስጥ ትሉ ይርመሰመሳል። ደፋነው።

አዴ ከቀፊራ ሲመለሱ ግቢው ረጥቧል፣ በርሜሎቹ አፋቸውን ወደ መሬት ተደፍተዋል። ዘንቢላቸውን አስቀመጡና ዝም ብለው አዩን። ከዚያ «ውሃ መቼ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ?» አሉ። አናውቅም። በእሳቸው መንደር ፈረቃው ሊደርስ ገና አምስት ቀን ይቀረው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በባጃጅ ጀሪካን ስናመላለስ ዋልን። ሰፈሩም ለብዙ ሳምንት «ውሃ ደፊዎቹ» እያለ ሲስቅብን ከረመ።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን ተቀይሯል። እዚህ የምጽፈው አሁን እንዴት እንደምንሠራ ነው፤ በየሰፈሩ ላሉ የበጎ ፈቃድ ክበቦች ይጠቅማል ብዬ። ሐረር ላላችሁም ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ሁሉ በርሜል አለውና።

ለምን በርሜል?

የድሬ ሰው ቢምቢ ሲባል ደቻቱ ነው ትዝ የሚለው። ወንዙ፣ ቦዩ፣ ቆሻሻው። እኛም ክበቡን ስንጀምር አካፋ ይዘን ወንዝ ዳር ነበር የወረድነው። ግን ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃ ሲመጣበት ደግሞ፣ የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ያየ ያውቃል፣ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል እንጂ አይተኛም። በጋ ከክረምት የተኛ ውሃ ያለው በየቤታችን ነው።

እዚያ ውሃ ውስጥ የምትራባው ቢምቢ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። የመጀመሪያዋ ኤደስ ኤጂፕታይ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አላት። የምትናከሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ድሬ በ2006 ደንጊን፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ችኩንጉንያን ያየችው በእሷ ነው። የ2011ዱን የቀመሰ ሰው አይረሳውም። የሃያ ዓመት ጎረምሳ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ነበር ከአልጋው የሚነሳው።

ሁለተኛዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት፣ የወባ አስተላላፊ። ይህችኛዋ እንግዳ ናት፤ አገሯ እስያ ነው። በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ተገኘች፤ ቀጥሎ ድሬም ታየች። በባቡር ትምጣ በሲኖትራክ የጠየቃት የለም። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብና ረግረግ ትጠብቃለች። ይህችኛዋ የተጠራቀመ ንጹህ የቤት ውሃ ይበቃታል። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዝናብ ባልነበረበት ወቅት ድሬ ውስጥ ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ አካባቢ ያገኙት እሷን ነው።

አሁን ወደ አዴ በርሜል እንመለስ። ኤደስ እንቁላሏን ውሃው ላይ አትጥልም። ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ እርጥብ የሆነው የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ፈረቃው ደርሶ በርሜሉ ሲሞላ ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢፈጅበት ነው። እንግዲህ እኛ የአዴን ውሃ ደፍተን እንቁላሉን በርሜላቸው ላይ ትተንላቸው ነው የወጣነው።

ስለዚህ ሥራው መድፋት ሳይሆን መፈግፈግ ነው።

ከሁሉ በፊት ፈረቃውን እወቁ

ቀን የምትቆርጡት በካላንደር አይደለም። «የፅዳት ሳምንት» ተብሎ ባነር ስለተሰቀለም አይደለም። በየመንደሩ ውሃ ሊመጣ በተቃረበበት ጠዋት ነው መግባት። ያኔ በርሜሉ ሊያልቅ ጥቂት ነው የሚቀረው። የሚደፋ ውሃ የለም፣ የሚፈገፈገው ግድግዳ ግን በሙሉ ተገልጧል። ባለቤቶቹም ቢሆኑ ውሃ ከመምጣቱ በፊት በርሜል ማጠብ ልማዳቸው ነው። እናንተ የምትጨምሩት ክንድና ብሩሽ ብቻ ነው።

ፈረቃውን ከማን ትሰማላችሁ? ወረቀት ላይ ያለውና ቧንቧው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እኛ ሦስት ሰው እንጠይቃለን፦ ቦኖ ላይ የምትቆመዋን፣ በጋሪ ውሃ የሚሸጠውን ልጅ፣ አንዲት ብዙ ልጅ ያላት እናት። ሦስቱ ከተስማሙ ትክክል ነው። ከዚያ ደብተር ላይ መንደር፣ ቀን፣ ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ውሃ ሌሊት የሚመጣበት መንደር ከሆነ በዋዜማው ጠዋት ግቡ። ሁለት መንደር ጎን ለጎን ሆኖ ፈረቃው የተለያየ ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ልጨርስ ብላችሁ አትድከሙ።

መጠኑን ደግሞ አሳንሱ። ቀበሌ ሙሉ እናዳርሳለን ማለት ለስብሰባ ያምራል። አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ሲወጣ ስድስት ቡድን ነው። አንድ ቡድን በሦስት ሰዓት ውስጥ በደንብ የሚሠራው ስድስት ወይም ሰባት ቤት ነው። በጠቅላላው አርባ ቤት። አርባ ቤት በደንብ የተፈገፈገበት መንደር ወረቀት ብቻ ከተበተነበት አራት መቶ ቤት ይሻላል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰዓት ቀጠሮ አትያዙ አቦ። የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሰው አታገኙም። ብታገኙም ትራሱን ደገፍ ብሎ ስለ ቢምቢ አመጣጥ ሁለት ሰዓት ያስረዳችኋል፣ ብሩሽ ግን አያነሳም።

ማንን ይዛችሁ ትወጣላችሁ

ቀበሌው በማያውቀው ሥራ ሰው ግቢ አይገባም። ለቀበሌው አንድ ገጽ የትብብር ጥያቄ ጻፉ፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ ምን ለመሥራት። በዚያው የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኙ። እሷ ቤቶቹን ታውቃለች፤ የታመመ ሲገኝ ወዴት እንደሚላክ ታውቃለች፤ የፀረ ትል ኬሚካል ጉዳይም የእሷና የጤና ቢሮው ነው። እሷን ሳትይዙ የወጣችሁ ቀን አንድ ጥያቄ ይመጣና ስልክ ስትደውሉ ትውላላችሁ።

በር የሚያስከፍተው ግን ከደብዳቤው ይልቅ የሰፈር መረዳጃው፣ አፎቻና እድር ነው። ከዘመቻው በፊት ባለው የአፎቻ ቀን ሁለት ሴቶች ከክበባችሁ ይሂዱና አምስት ደቂቃ ይጠይቁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላም አንድ ዓረፍተ ነገር ማስነገር ይቻላል። «እሁድ ልጆች በርሜል ሊያጥቡላችሁ ይመጣሉ፣ ውሃ አይደፉም» ከተባለ በቂ ነው። «ውሃ አይደፉም» የምትለዋን እኛ ለይተን ነው የምናስነግራት። ስማችን ጠፍቶ ያውቃላ።

ሁለት ሁለት ስትሆኑ አንድ ወንድ አንድ ሴት ይሁን። እናት ብቻዋን ያለችበት ግቢ ሁለት ጎረምሳ ሲቆም ማንም አይመቸውም። ቋንቋም አስቡ። የድሬ ልጅ ሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ ስለሚያወራ ብዙም አይቸግርም፤ ግን ጥንዱ ውስጥ ኦሮምኛ የሚችል፣ ሶማሌ የሚበዛበት መንደር ከሆነ ደግሞ ሶማልኛ የሚችል አንድ ሰው ይኑር። ሙሉ ንግግር ባይችል እንኳ «ቢሻን» እና «ቢዮ» የሚሉትን በትክክል የሚጠራ። ሰው ስለ ውሃው በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም፣ ከመዋጮ ይወጣል። ለአንድ ጥንድ፦ እጀታው ረጅም የሆነ ጠንካራ ብሩሽ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ንጹህ ባዶ ጀሪካን፣ ጆግ፣ ባልዲ፣ ትንሽ ኦሞና በረኪና፣ ሁለት ሜትር ያህል ቱል፣ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ የተሠራ ማሰሪያ፣ መቀስ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። በተጨማሪ አንድ ሃይላንድ አንገቱን ቆርጣችሁ ያዙ። ይቺ ሃይላንድ ከሁሉ ዕቃ በላይ ሥራ ትሠራለች፤ ወደ ኋላ እመጣባታለሁ።

ቱሉን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነና ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ነው። ከመጋላ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ይገኛል። የሠርግ ቬሎ ትርፍራፊ በርሜል ላይ ተወጥሮ ስታዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት እንርዳችሁ ብሎ መጣ። ደስ አለን። ያመጣው ስሙ የተጻፈበት ባነርና ቆብ ነው፤ ብሩሽ የለም። ባነሩን እስካሁን ዕቃ ማስቀመጫችን ላይ ለፀሐይ መከለያ እንጠቀምበታለን። እርዳታ የሚላችሁ ሲመጣ የዕቃ ዝርዝሩን ቀድማችሁ ስጡት።

በር ላይ

ሰላምታው አይቸኩል። አዴ፣ እማማ፣ አባባ፣ ሐጂ፣ እንደ ቤቱ። ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ «የውሃ ዕቃ ልናጥብልዎ ነው የመጣነው፣ ውሃውን አንነካብዎትም» በሉ። «ልንፈትሽ» አትበሉ። ፍተሻ የሚለው ቃል ቅጣት ቅጣት ይሸታል። «ቆሻሻ» የሚለውም ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ደግሞም እውነት አይደለም፤ እነዚህ ቢምቢዎች ንጹህ ውሃ ነው የሚወዱት። በጣም ንጹህ የሆነች ሴት ቤት ብዙ ትል አግኝተን እናውቃለን፤ ውሃ አጠራቅማ በጥንቃቄ ስለምትይዝ ነው።

የበርሜሉን ክዳን ባለቤቱ ራሱ ይክፈተው። አልፈልግም ካለ አመስግናችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ዙር ጎረቤቱን አይቶ ራሱ ይጠራችኋል።

በርሜሉ

ክዳኑ ሲነሳ ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ቁሙ። ትሎቹ ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይሰምጣሉ። ሰው ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ «ምንም የለም» ብሎ ይከድናል። እናንተ ባትሪውን አብርታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አየር ለመሳብ መውጣታቸው አይቀርም። ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ከውሃው ፊት የተንጠለጠለው የኤደስ ዓይነት ነው። እንደ ገለባ ስባሪ ውሃው ፊት ላይ ጋደም ያለው የአኖፊለስ ነው። ጭንቅላቱ ተለቅ ብሎ የተጠማዘዘ፣ ሲነካ እየተገለባበጠ የሚሸሽ ካያችሁ ደግሞ እሱ ክንፍ ሊያወጣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በርራ ትወጣለች።

አሁን ሃይላንዷን አውጡ። በጆግ ቀስ ብላችሁ ቅዱና ትሉ ያለበትን ውሃ ሃይላንዷ ውስጥ ገልብጡት። ወደ ብርሃን አንሱትና ለቤቱ ሰው ስጡት። ምንም አትናገሩ። አንድ ጊዜ አንድ አባባ ሃይላንዷን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ መነጽራቸውን አስመጡ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ «ይሄ ነው እንዴ ቢምቢ የሚሆነው?» ብለው ጎረቤታቸውን በአጥር ጠሩ። የእኛ ሥራ በዚያ መንደር ያን ጊዜ አለቀ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አባባ ናቸው ዘመቻውን የመሩት።

ወደ ሥራው። በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ውሃ በሁለት ድርብ ቱል እያጠለላችሁ ወደ ጀሪካኖቹ ገልብጡ። ትሉ ቱሉ ላይ ይቀራል። ቱሉን ከግቢ ውጭ የሚግል አሸዋ ላይ አራግፉት፤ የድሬ ፀሐይ ቀሪውን ትጨርሰዋለች። ቦይ ውስጥ አታራግፉት፣ እዚያ ውሃ ካለ ይተርፋል። ጀሪካኑን ለባለቤቱ አስረክቡ፤ ምን ያህል ሊትር እንደወጣ በዓይኑ ይይ። ከታች የሚቀረው ድፍርስ ውሃ ለፍግፈጋው ይሆናችኋል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ኦሞና በረኪና በትንሽ ውሃ በጥብጡና የውስጡን ግድግዳ ከአፉ እስከ ታች ቀቡት። በተለይ ውሃው ይደርስበት የነበረውን መስመር፣ ያንን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለበት። 10 ወይም 15 ደቂቃ ተዉት። ይህን ስትሠሩ ውጭ አየር ላይ ሁኑ፣ ጓንት አይውለቅ፣ ልጆች ይራቁ። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በዚህ መሃል ሻይ ወይም ሆጃ ከመጣ ጠጡ፤ አይመለስም።

ከዚያ ፈግፍጉ። በርሜሉን ጋደም አድርጉትና ብሩሹን ዙሪያውን አዙሩ። የብረት በርሜል ወገቡ ላይ ያሉት እጥፋቶች፣ ከአፉ ሥር ያለው ከንፈር፣ የክዳኑ የውስጥ በኩል፣ እነዚህ ናቸው የሚረሱት። እንቁላሉ እንደ ጥቁር አሸዋ ደቃቅ ነው፤ በዓይን አያችሁም አላያችሁም ብሩሹ ይንካው። ከዚያ በትንሽ ውሃ አለቅልቁና የታጠበበትን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። በርሜሉን አፉን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ውሃ እስኪመጣ ተዉት። የፕላስቲክ በርሜልም አሠራሩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም ይቀላል።

መጨረሻ ላይ መክደኛው። ብዙ ቤት ክዳን አለ፤ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ። ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው ለቢምቢ በር ነው። ቱሉን ድርብ አድርጋችሁ በበርሜሉ አፍ ላይ ዘርጉና በላስቲኩ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እንደ ከበሮ ይወጠር። ረግቦ ውሃውን ከነካ ከንቱ ነው፤ ውጭ ሆና እርጥቡ ላይ ትጥላለች። የቤቱ ልጅ አንድ ጊዜ ፈትቶ መልሶ ይሰረው። እሱ ካልቻለ ነገ ተፈቶ ይቀራል።

ናፍጣ ወይም ላምባ ጠብ እናድርግበት የሚል ሰው በየግቢው አይጠፋም። ለሚጠጣና ምግብ ለሚበሰልበት ውሃ አይሆንም። የትል ማጥፊያ ኬሚካልም ልክ አለው፤ ጤና ቢሮ ካልሰጠ በስተቀር ከገበያ ገዝታችሁ አትጨምሩ።

ሌላ የት ይታያል

ከበርሜሉ ቀጥሎ ጎማ ነው። ባጃጅ ያለበት ግቢ አሮጌ ጎማ አይጠፋም፤ ሲዘንብ ውስጡ ውሃ ይይዛል፣ ስትገለብጡት እንኳ አይወጣም። ወይ ጣሪያ ሥር አግቡት ወይ ብሱት። የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ የተሰበረ ገንቦ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ክዳኑ የተነሳ ሮቶ። ሮቶ ላይ ግን ልጅ አታውጡ። መሰላል የሚይዝ ሰው ከሌለ ለቤቱ ሰው ነግራችሁ እለፉ።

ግንባታ ቦታ ለብቻው ነው። ሳቢያን በኩል አዲስ ቤት በሚሠራበት ሁሉ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ተብሎ በላስቲክ የተነጠፈ የውሃ ጉድጓድ ወይም የብሎኬት ገንዳ ታገኛላችሁ። ስቴፈንሲ ይህን በጣም ትወደዋለች። ባለቤቱ የለም፣ ዘበኛው «እኔን አይመለከትም» ይላል። መፍትሔው ፎርማኑን ስልክ ተቀብሎ በየሳምንቱ አንዴ ጉድጓዱን እንዲያደርቅ መጠየቅ ነው። ውሃውን ለብሎኬት ማርጠቢያ ተጠቅሞ ጨርሶ እንደገና ይሙላ። ያንን ውሃ እንኳ አታስደፉት።

መስጊድ የውዱእ ውሃ፣ ቤተ ክርስቲያን የጸበል ውሃ ማጠራቀሚያ ይኖራቸዋል። እዚያ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ። ኃላፊዎቹን አናግሩ፣ ቱልና ላስቲክ ስጡ፤ እነሱ ያጥቡት።

የታመመ ስታገኙ

አርባ ቤት ስትዞሩ ትኩሳት ይዞት የተኛ ሰው ማግኘታችሁ አይቀርም። ሐኪም አትሁኑ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን እንዲመረመር ንገሩት፤ ወባም ደንጊም በትኩሳት ነው የሚጀምሩት፣ በመልክ አይለዩም። እስኪመረመር ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። እዚህ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። ደንጊ ከሆነ እሱም፣ አስፕሪንም፣ አይቡፕሮፌንም መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ይቅሩ። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስታወኩ ካላቆመ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ጥሩለት። ቀን ሲተኛም አጎበር ይዘርጋ፤ ኤደስ በቀን ነክሳው ወደ ጎረቤት እንዳታደርስ።

ቆጠራ

ደብተሩ ላይ አራት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ የቤት ቁጥር፣ ስንት የውሃ ዕቃ ታየ፣ ስንቱ ትል ነበረው፣ ስንቱ ተከደነ። የቤተሰብ ስምና ስልክ አያስፈልግም። ለምሳሌ 40 ቤት አይታችሁ በ10ሩ ትል ከተገኘ የመንደሩ መጠን 25 በመቶ ነው። የጤና ባለሙያዎች ለደንጊ አስጊነት ሲሉ የሚጠቅሱት የቆየ መለኪያ 5 በመቶ ነው። እኛ ቁጥሩን ቅጂ አድርገን ለጤና ኤክስቴንሽኗ እንሰጣታለን። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል የምናፍር መስሎት ለማሳነስ የፈለገ ልጅ ነበር። ቁጥሩ የሚጠቅመው እንዳለ ሲጻፍ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ስንት እንደወረደ የምታውቁት በሱ ነው።

የክበቡ ዜና

ሥራው እንዳለቀ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ዜና ይወጣል። የብዙ ክበብ ዜና አንድ ዓይነት ነው፦ «ክበባችን ታላቅ የፅዳት ዘመቻ በደመቀ ሁኔታ አካሄደ»፣ ከሥሩ ሃያ ፎቶ። የሰፈሩ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ምንም። ዜናውን ለጎረቤት እንደምትነግሩት ጻፉት። እኛ የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ዛሬ ጠዋት ከቦኖው ጀርባ ባለው መንደር 38 ቤት ገባን። 91 በርሜልና ሮቶ አየን፣ 17ቱ ትል ነበራቸው፣ ሁሉም ታጥበው ተከደኑ። የተደፋ ውሃ የለም። በሚቀጥለው እሁድ ቱሉ እንደተወጠረ ለማየት እንመለሳለን። ቱል ለጎደለበት ቤት ሱቁ ጋ ተቀምጧል፣ በነጻ ነው።»

ይኸው ነው። ቁጥሩ የእናንተ የዚያ ቀን ቁጥር ይሁን። ፎቶ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ እጅና ብሩሽ፣ የተወጠረ ቱል። የሰው ቤት ውስጥ፣ የተኛ በሽተኛ፣ የማን በርሜል እንደሆነ የሚያሳይ በር አይነሳ። ትሉን ማሳየት ካስፈለገ ሃይላንዷን ብቻ አንሱ። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የአንድ ቤት ጓዳ የሚታይበት ፎቶ ለጠፈና እናትየው ከልጃቸው ስልክ ላይ አዩት። ይቅርታ ልንጠይቅ ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። አሁን ከመለጠፉ በፊት ፎቶውን የምታየው አንዲት ልጅ አለችን፤ ጨካኝ ናት፣ አብዛኛውን ታጠፋዋለች።

ዜናው በአማርኛ ብቻ አይቅር። ግሩፑ ውስጥ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚጽፍ አባል በድምፅ ቢልከው ይሻላል። ብዙ እናቶች አያነቡም፣ ድምፅ ግን ያዳምጣሉ፤ ያዳመጡትንም ቦኖ ላይ ይነግራሉ።

በ7ኛው ቀን

ዑደቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሆነ መመለሻው በ7ኛው ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ጥንድ ይበቃል። ብሩሽ አትያዙ፤ ባትሪ፣ ትርፍ ቱልና ላስቲክ ብቻ። ቱሉ እንደተወጠረ ካያችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ተፈቶ ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ቀን ሙሉ ስለሚቀዳበት ማሰርና መፍታት ሰለቻቸው። ለእንዲህ ያለው ቤት ከበርሜሉ ሥር ቧንቧ መግጠም ወይም ለቀን የሚቀዳውን ክዳን ባለው ባልዲ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። በርሜሉ እንደታሰረ ይውላል።

እነዚያ አዴ ዘንድ በዓመቱ ሄድን። በርሜሎቻቸው በአሮጌ ነጠላ ተሸፍነው በገመድ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። ቱል እንስጥዎት ስንል ነጠላው ይሻላል አሉ፤ አቧራም አያስገባም። ልክ ናቸው፤ ንፋስ በሚበዛበት መንደር እኛም አሁን ነጠላ እንመክራለን። ከዚያ ጀሪካኖቻችንን አንድ በአንድ አዩና ባዶ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ነው ግቡ ያሉን።

ዕቃውን ከመመለሳችሁ በፊት ብሩሾቹን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፤ እንቁላል ከበርሜል ወደ በርሜል በብሩሽ ፀጉር ሊሄድ ይችላል። ባልዲዎቹንም ድፏቸው። የሚቀጥለውን መንደር ፈረቃ ማን እንደሚያጣራ ስሙን ግሩፑ ላይ ጻፉና ተበተኑ።